ሶሉ አፉን የከፈተብኝ ቡት

የመጀመሪያውን ቡቴን የገዛሁት በዓይኔ ነው። ያብረቀርቃል፣ ወፍራም ነው፣ ከበድ ይላል። ከባድ ከሆነ ጠንካራ ነው ብዬ ደመደምኩ። በሦስተኛው ወር ከጭቃ ውስጥ እግሬን መንጭቄ ሳወጣ የቀኙ ሶል እንደ አዞ አፉን ከፈተ። የቀረውን መንገድ በገመድ ጠፍሬው እያነከስኩ ጨረስኩት።

ጫማ ሰሪው ሲያየው ሳቀ። ሶሉ የተያዘው በማስቲሽ ብቻ ነበር። "ዙሪያውን ያለው ስፌትስ?" አልኩት። "እሱማ ጌጥ ነው ወንድሜ" አለኝ። ቀጥሎ ጣቶቹ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ የተላጠውን በጥፍሩ ቆነጠረው። ስስ ፕላስቲክ ተነሳ። ከስሩ ያለው ጸጉራም ነገር የቆዳው የታችኛው ንጣፍ ነው። ቆዳ ለሁለት ሲሰነጠቅ ጥቅጥቅ ያለው ጠንካራው የቆዳው ቃጫ ከላይኛው ጋር ይሄዳል፤ የታችኛውን ቀብተው ያሳምሩታል።

ሁለተኛውን ስመርጥ እንግዲህ ሻጩን አሰልችቼዋለሁ። መጀመሪያ ቆዳውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ያልተፋቀ ሙሉ ቆዳ ሲጫኑት ቀጫጭን ሽብሽብ ያወጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የወባ ትንኝ ንክሻ የሚመስሉ ነጠብጣቦችና አንድ የቆየ ጭረት ነበረበት። ድሮ ቢሆን "የተበላሸ ነው" ብዬ እመልሰው ነበር። አሁን ግን ደስ አለኝ፤ እንከን የሌለው ቆዳ ብዙ ጊዜ የተፋቀና የተቀባ ነው።

ከዚያ ገለበጥኩት። የፈለግኩት ጉድይር ዌልት የሚባለውን አሠራር ነው። ቀጭን የቆዳ ቀበቶ ከላይኛው አካል ጋር ይሰፋል፣ ሶሉ ደግሞ ከዚያ ቀበቶ ጋር። ሶሉ ሲያልቅ ክሩ ይፈታና አዲስ ይሰፋል፤ ላይኛው አይነካም። የጫማው ምላስ በሁለቱም ጎን ከአካሉ ጋር መያያዙንም አየሁ። ካልተያያዘ ውሃው በማሰሪያው በኩል ሰተት ብሎ ይገባል።

የለካሁት ወደ ማታ ነው፣ በወፍራም ካልሲ። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ያብጣል። ደረጃ ላይ ወጥቼ ወረድኩ። ስወርድ ጣቴ ጫፉን ከነካ፣ ቁልቁለት ላይ ጥፍሬን ደህና ሰንብት ማለት ነው። ተረከዜ ትንሽ ተነሳ፤ ይህ ቆዳው ሲለሰልስ ይቀንሳል። ጎን ላይ የሚጠብ ጫማ ግን "ይሰፋል" ቢሏችሁ አትመኑ። እኔ አምኜ አንድ ክረምት ሙሉ ፕላስተር ስለጥፍ ከርሜያለሁ።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ ገዝቼ ራሴ ላበላሸው ምንም አልቀረኝም። ዝናብ ደበደበኝና ቡቱን እሳት ዳር አስጠግቼ ተኛሁ። ጠዋት እንደ እንጨት ደርቆ ጠበቀኝ። እርጥብ ቆዳ ሲግል ቃጫው ይኮማተራል፣ ዘይቱም ይወጣል። ቅባት ደጋግሜ ባሸውም የግራው ጫፍ ተሰነጠቀ። አሁን ሲረጥብ ጋዜጣ ጠቅጥቄበት፣ በየሰዓቱ እየቀየርኩ፣ ጥላ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ሶሉ አንዴ ተቀይሯል። ሊቀይርልኝ የወሰደው ያው ጫማ ሰሪ ስፌቱን አገላብጦ አየና ምንም አላለም። ስንጥቁን ሲያይ ግን "እሳት?" አለኝ።