26 ምርቃት ያለው ፐዝል

ፐዝሉን (ቁርጥራጩ እየተገጣጠመ የሚሠራ ሥዕል) ይዛልን የመጣችው ለፋሲካ ከዋሽንግተን የገባችው እህቴ ናት። ካርቶኑ ላይ ባቫሪያ ያለው የኖይሽቫንሽታይን ቤተ መንግሥት፣ ከሥሩ ደግሞ «1000» የሚል ቁጥር አለ። የባለቤቴ እናት እማማ ክዳኑን ከፍተው አዩና «ውይ፣ መንገድ ላይ እንክትክት ብሎባታል!» ብለው አዘኑላት።

የመጀመሪያው ሥራ ሥዕል ያለበትን ፊት ወደ ላይ መገልበጥ ነው። ለአምስት ሰው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ፈረንጆቹ ለመለያ የሚሆን ልዩ ትሪ ይሸጣሉ አሉ፤ እማማ ሰፌድ አመጡ። ሰፌድ ሰፊ ነው፣ ከንፈር አለው፣ ከሰው ወደ ሰው ይቀባበላል። እሳቸው ግን በዚያ አላበቁም፤ እንደ ጤፍ አበጠሩት። ብትስቁም ልክ ናቸው። ፋብሪካው ካርቶኑን በስለት ተጭኖ ሲቆርጥ ብናኝ ይተርፋል፤ ያ ብናኝ መጋጠሚያው ውስጥ ከገባ ቁራጩ ከጎረቤቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል።

እኔ በዚህ መሀል አሥር አሥር እያደረግሁ ቆጠርኩ። 1026! «ሺህ ብለው ሸጠው 26 መርቀዋል!» ብዬ ለቤቱ ሁሉ አወጅኩ። ምርቃት የማይወድ ማን አለ፣ እልል ሊባል ምንም አልቀረው።

ከዚያ ወደ ጠርዙ። አንድ ጎናቸው ቀጥ ያሉትን ለቅመን 126 አገኘን፣ አራቱ ማዕዘን ናቸው። ክፈፉ ሲዘጋ በረጅሙ ጎን 38፣ በአጭሩ 27 ሆነ። ልጄ ስልኩ ላይ አባዛቸው፤ 1026። ምርቃት የሚባል ነገር የለም ማለት ነው! ሥዕሉ 70 በ50 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ 38 በ27 ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ጎኖቹ ሁሉ ወደ 1.85 ሴንቲሜትር የሚጠጉ አራት ማዕዘን ይወጣዋል። ድፍን ሺህ ይሁን ቢባል፣ ለምሳሌ 40 በ25፣ ቁራጮቹ በአንድ በኩል ረዘም ይላሉ። ይህን ለልጄ ብቻ በሹክሹክታ ነገርኩት። ካወጅኩ በኋላ መሻር ከበደኝ።

ግንቡና መስኮቶቹ በሦስት ማታ አለቁ። ፊደል፣ መስመር፣ ጣሪያ ያለበት ቦታ ሁሌም ቀላል ነው። ጉዱ ሰማዩ ነው። ቀለሙ አንድ ዓይነት ሲሆን ቀለም ማየት ትታችሁ በቅርጽ ለዩ፦ የወጣውን «ምላስ»፣ የገባውን «አፍ» ብለን ሁለት ምላስ ያለውን ለብቻ፣ ሦስት ያለውን ለብቻ፣ አራቱም ጎኑ አፍ የሆነውን ለብቻ ከመርን። ቁራጭ በግድ አይገባም። ባለቤቴ በቡጢ እያለች ያስገባቻቸው አራት ቁራጮች ሁለት ማታ አስከፍለውናል፤ የተሳሳተው ቁራጭ የሚጋለጠው ራሱ ቦታ ላይ ሳይሆን ጎረቤቱ እምቢ ሲል ነውና። ጣታችሁን መጋጠሚያው ላይ አንሸራቱ፤ ከጎረበጣችሁ አውጡት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሻማ ሰማይ አትሥሩ፤ ሰማያዊው ሁሉ ግራጫ ነው።

የበዓሉ ዋዜማ ጠረጴዛው ለዶሮ ተፈለገ። ደግነቱ ከመጀመሪያው 80 በ60 በሆነ ኮምፔንሳቶ ላይ ነበር የሠራነው፤ አንሶላ አልብሰን አልጋ ሥር ገፋነው። ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ክፍል ውስጥ ግን ፐዝል እንዳትነኩ። ጫካው አረንጓዴ፣ ቄጤማው አረንጓዴ።

በማግስቱ ማታ 1025ኛው ገባ። መሀል ሰማዩ ላይ አንድ ቀዳዳ ቀረ። ሶፋውን ገለበጥን፣ የሱሪ እጥፋት ፈታን፣ የጫማ ሶል አየን፣ የካርቶኑን የታጠፈ ጥግ ከፈትን (የጠፋ ቁራጭ አንዳንዴ የሚገኘው እዚያ ነው)። የለም። ቄጤማው ደግሞ ጠዋት ተጠርጎ ተጥሏል።

ስለዚህ ሠራነው። ቀዳዳው ላይ ስስ ወረቀት አድርጎ በእርሳስ ጎን ማሸት፣ የወጣውን ቅርጽ የጫማ ካርቶን ላይ ገልብጦ በምላጭ መቁረጥ። የቁራጩ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለት ድርብ በኮላ አጣብቀን ሰማያዊ ቀባነው። የሰው ሠራሽ ጥርስ መሰለ እንጂ ገባ።

ደስ ብሎን ለቡና ተቀመጥን። ስኒዎቹ እንደ ወትሮው አልተንኳኩም። ረከቦቱ፣ አንድ እግሩ አጥሮ ስንት ዓመት ሲወዛወዝ የኖረው፣ ቀጥ ብሏል። ልጄ አጎንብሶ አየና ጮኸ።

«እማማ!»

«ምነው?» አሉ እማማ፣ ቡናውን እየቀዱ ወደ እኔ ዞረው። «26 ተርፏል አላልክም እንዴ ልጄ? እኔ የወሰድኩት አንድ ነው።»

አሁን የጫማ ካርቶኑ ረከቦቱ ሥር ነው። ትንሽ ይወፍራል፤ ረከቦቱ በሌላ በኩል መወዛወዝ ጀምሯል።