ሁለቱ የሙዚቃ ስልኮች

ዛሬ የእማዬን ቁም ሳጥን ሳጸዳ ሁለት የድሮ ስልኮች አገኘሁ። አንዱ የኔ ሶኒ ኤሪክሰን ደብሊው 810፣ ሌላው የወንድሜ ኖኪያ 5310 ኤክስፕረስ ሚዩዚክ። «የማን ይበልጣል» እያልን ስንቴ ተኳርፈናል መሰላችሁ! ግማሽ ቀኔ ቻርጀር ፍለጋ አለቀ። የኖኪያው ቀጭን ፒን ጎረቤት ተገኘ።

የኔን የዎክማን (የሙዚቃ ማጫወቻ) ቁልፍ ስጫን ትዝታ ለቀቀ። በስፒከሩም ቢሆን ድምፁ አሁንም ደረት ይመታል። ችግሩ የኢርፎን መሰኪያው ነው። ሰፊና የራሱ ብቻ ስለሆነ፣ አብሮት የመጣው ገመድ ከጠፋ ተራ ኢርፎን አይገባበትም። የኔ ገመድ ደግሞ ከጠፋ ቆየ። ካርዱም ሜሞሪ ስቲክ የሚባለው የሶኒ ካርድ ነው፤ ያኔ ዘፈን የሚጭንልን ልጅ «ይሄን የት ልክተተው?» ይለኝ ነበር።

ኖኪያው ሲመጣ (እንደ ፈረንጆቹ በ2007፣ ከኔው አንድ ዓመት በኋላ) 3.5 ሚሊሜትር መሰኪያና ማይክሮ ኤስዲ ነበረው። ያገኙትን ኢርፎን መሰካት ነው። ከስክሪኑ ጎን ያሉትን ሦስት ቁልፎች ደግሞ ኪስ ውስጥ በአውራ ጣት እየዳበሱ ዘፈን መቀየር ይቻላል። ተጨናንቀን በምንሄድበት ታክሲ ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም።

ማታ ለወንድሜ ደውዬ «አሸንፈሃል፣ በድምፅ ግን አልሸነፍም» አልኩት።

«ደግሞ ስለ ምንድነው የምታወራው?» አለኝ።