ድምፅ የሚለምን ጠቅላይ ሚኒስትር

ዛሬ ደሴ፣ አይጠየፍ አካባቢ፣ ጀበና ቡና ላይ ከአንድ አባት ጋር ወሬ ያዝን። ጭጋጉ የጦሳን ተራራ ሸፍኖታል። «ያ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ቢጸድቅስ ኖሮ?» አልኳቸው። በ1966 ንጉሡን፣ ኃይለ ሥላሴን፣ በሕግ የሚገድብ ረቂቅ ተዘጋጅቶ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ፣ ረቂቁም በዚያው ቀረ።

በንጉሡ ዘመን የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን (የፓርላማውን ታችኛ ምክር ቤት) ሕዝብ ይመርጥ ነበር፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ግን ንጉሡ ይሾሙ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ አክሊሉ ሀብተ ወልድም እንዳልካቸው መኮንንም ተሿሚ ነበሩ። ረቂቁ ቢጸድቅ ኖሮስ? እኔ በሐሳቤ አንዱን ወሎዬ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን ድምፅ ሲለምን እያየሁት ነው (ቅስቀሳው በመንዙማ ሳይሆን አይቀርም!)።

እሳቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «አብሽር ልጄ። ድምፃችንን የሚፈልግ ሰው ቢሆን፣ በ65 ረሃባችንን ይደብቅ ነበር?»

መልስ አጣሁ። ሁለተኛ ሲኒ አዘዝኩላቸው።