ፊዚዮሎጂ ወይስ ኢሚዩኖሎጂ?

በሙያዬ ከሁሉ በላይ የሚደጋገምብኝ ጥያቄ «የየትኛው ትምህርት ክፍል ነህ?» የሚለው ነው። ትምህርቴን የጀመርኩት በፊዚዮሎጂ ነው፤ ልብ እንዴት እንደሚመታ፣ ኩላሊት እንዴት እንደሚያጣራ፣ ከደም ሥር የሚሾልከው ፈሳሽ በየት በኩል ተመልሶ ወደ ደም እንደሚገባ እየተማርኩ አደግሁ። ለዶክትሬት ዲግሪዬ ያጠናሁት ግን ኢሚዩኖሎጂን፣ ይኸውም ሰውነት ባዕድ ነገርን እንዴት ለይቶ እንደሚዋጋ የሚመረምረውን ዘርፍ ነው። ዛሬ መኖሪያዬ ደብረ ማርቆስ ሲሆን የማጠናው ደግሞ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉትን፣ የአገሬው ሰው ዝሆኔ የሚለውን የእግር እብጠት ነው። የምርምር ገንዘብ ሰጪዎች ቅጽ ላይ አንድ ዘርፍ ብቻ እንድመርጥ በተጠየቅሁ ቁጥር የማመነታው በዚህ በሽታ የተነሣ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ላጥራ። በትንኝ የሚተላለፈውና ክር በሚመስል ትል የሚመጣው የዝሆኔ ዓይነት በአገራችን የቆላ በሽታ ነው። የጎጃም ደጋው ዝሆኔ ከትልም ከትንኝም ጋር ግንኙነት የለውም። የሚይዘው ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሰዎችን ነው። የጮቄ ተራራ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ሥራ ነው፤ ከሥሩ ያሉት የእርሻ ወረዳዎችም ዝናብ የሚበዛባቸው፣ ገበሬው ጫማውን ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ አስቀምጦ በሬዎቹን ተከትሎ ጭቃ የሚረግጥባቸው ናቸው። በኢትዮጵያ የታማሚዎቹ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች ንፍፊት ውስጥ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶችን አግኝቶ፣ በሽታው ከመሬቱ እንደሚመጣ አሳይቷል።

እኔን የያዘኝ ግን ቀጣዩ ጥያቄ ነበር፦ በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ አፈር ላይ፣ ሁሉም በባዶ እግር እያረሰ ለምን የአንዱ እግር ብቻ ያብጣል? በሽታው በቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም ሕዝቡ ከሳይንቲስቶች በፊት ያውቅ ነበር። በኋላ የተደረገ ጥናትም ለበሽታው ተጋላጭ በመሆን ረገድ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ ከውርስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገመተ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመውና በኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላ አየለ ቀዳሚነት የተጻፈው የዘረ መል ጥናት ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ 194 ታማሚዎችን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ፣ ልዩነቱ ኤችኤልኤ ክላስ ሁለት በሚባለው የዘረ መል አካባቢ እንደሚገኝ አመለከተ። የእነዚህ ዘረ መሎች ሥራ የባዕድ ነገር ቁራጭ በሕዋስ ገጽ ላይ ተይዞ ለቲ ሴሎች፣ ማለትም ባዕድ ነገርን ለይተው ለሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሶች፣ እንዲታይ ማድረግ ነው። ስለዚህ ግኝቱ የሚጠቁመው አፈሩ ብቻውን እግርን እንደማያሳብጥ፣ የአንዳንድ ሰዎች ቲ ሴሎች ለአፈሩ የሚሰጡት ምላሽ ግን ዋና ተሳታፊ እንደሆነ ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበብኩ ሰሞን ከፊዚዮሎጂ ወደ ኢሚዩኖሎጂ ለመሻገር ወሰንኩ ብል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ተሻግሬ እንኳን የቀድሞው ትምህርቴ አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ቲ ሴል ብቻውን እግር አያሳብጥም፤ እብጠት የፈሳሽ ጉዳይ ነው። በጤነኛ ሰው ከደም ሥሮች ሾልኮ በሊምፍ ቱቦዎች በኩል ወደ ደም የሚመለሰው ፈሳሽ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር እንደሚሆን የፊዚዮሎጂ መማሪያ መጻሕፍት ይናገራሉ። ይህን ፈሳሽ ከእግር ወደ ላይ የሚገፋ ልብ የለም። የሚገፋው የባት ጡንቻ መጨማተር፣ በቱቦዎቹ ውስጥ ያሉት ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክሉ ክዳኖች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቱቦዎቹ የራሳቸው ምት ነው፤ የሊምፍ ቱቦ ግድግዳ እንደ ልብ ጡንቻ በራሱ ይኮማተራል። በድሮው አስተሳሰብ ዝሆኔ ማለት ደለል እንደሞላው የመስኖ ቦይ የተደፈነ ቱቦ ነበር። እኔ ግን ቦዩ ከመደፈኑ በፊት ውኃውን የሚገፋው ኃይል ይደክማል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ መነሻ የሆነኝ እ.ኤ.አ. በ2011 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ነው። ቱቦው ምቱን የሚያስተካክለው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በልክና በወቅቱ በማመንጨት ሲሆን፣ በቁጣ፣ ማለትም ሰውነት ለጉዳት ወይም ለባዕድ ነገር በመቅላትና በማበጥ ምላሽ በሚሰጥበት ጊዜ፣ የሚሰበሰቡት የመከላከያ ሕዋሶች ያንኑ ጋዝ ያለ ልክ ሲለቁት የቱቦው ምት ይዳከማል። በሌሎች የአይጥ ጥናቶችም ሲዲ4 የተባሉት ቲ ሴሎች እንዲቀነሱ ሲደረግ የጅራት እብጠትና የቆዳ መጠጠር ቀንሷል። እንግዲህ ይህ ክስተት የየትኛው ትምህርት ክፍል ንብረት ነው? ሕዋሱን የሚያውቀው ኢሚዩኖሎጂስት ምቱን አይለካም፤ ምቱን የሚለካው ፊዚዮሎጂስት ደግሞ ሕዋሱን አይቆጥርም።

የአይጥ ጅራት ግን የገበሬ እግር አይደለም፤ ስለዚህ ከሰው ደም መውሰድ ግድ ይላል። ነጭ የደም ሕዋሶችን በሕይወት እንዳሉ ለመለየት ደሙ ከተቀዳ በኋላ ያለው ጊዜ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ከዚያ ሕዋሶቹ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣሉ። ናይትሮጅኑን ማግኘትም ሆነ መብራት በሚጠፋበት አገር ማቀዝቀዣን መጠበቅ የሥራዬ ትልቁ ክፍል ነው። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፤ በክልል ከተማ ላቦራቶሪ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ይልቅ የከበደኝ ስለ ውርስ የሚነሣው ንግግር ነው። በጎጃም ገጠር ዝሆኔ ካለበት ቤት ልጅ መዳር የሚያስፈራ ነገር ነው፤ የእኔ ጥናት ደግሞ «ውርስ አለበት» የሚል ግኝት ላይ የቆመ ነው። ስምምነት ለመጠየቅ ከአንዲት እናት አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳስረዳቸው ነገሩን ወዲያው ያዙት።

«ታዲያ ልጄ፣ ዘር ነው ማለትህ ነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ እብጠቱ አይደለም። ልጅዎ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ በሽታው አይይዘውም» አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡና «ይህንኑ ሄደህ ለአማቾቹ ንገርልኝ» አሉ።

ቀልድ ይመስላል፤ እሳቸው ግን አልቀለዱም። ከዚያ ወዲህ የስምምነት ቅጹን ሳነብ ውርስን የሚመለከተውን ክፍል ጎረቤት በሌለበት ማስረዳትን ልማድ አድርጌዋለሁ። የዘረ መል ውጤት ለቤተሰብ እንዴት እንደሚነገር በየትኛውም ትምህርት ክፍል አልተማርኩም፤ ይህም የሥልጠናችን ጉድለት ይመስለኛል።

ለጎጃም ታማሚዎች እስካሁን ከሁሉ የሚጨበጥ ጥቅም ያስገኘው ጥናትም የሞለኪውል ጥናት አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት የፈተነው እግርን በሳሙናና በተሕዋስያን ማጥፊያ መታጠብን፣ ቅባት መቀባትን፣ በፋሻ መጠቅለልን፣ የእግር እንቅስቃሴን፣ ካልሲና ጫማን ነው። ሕመምተኛውን በትኩሳትና በከባድ ሕመም አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ ግርሻ ሕክምናውን ወዲያው ባገኙት ዘንድ በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ቆይተው እንዲያገኙ በተደረጉት ዘንድ ደግሞ 23.9 ጊዜ ተመዘገበ። ቁጥሩ ሁለት ነገር ይነግረኛል። አንደኛ፣ ሳሙናና ውኃ በእርግጥ ይሠራሉ። ሁለተኛ፣ ታክሞም በዓመት 19 ጊዜ የሚታመም ገበሬ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ የቀረውን ማስረዳት ያለበት ደግሞ የእኛ ዓይነቱ ምርምር ነው።

አሁን ከባልደረቦቼ ጋር የምናዘጋጀው ጥናት ይህን ሕክምና በሚጀምሩ ሰዎች ላይ የተመሠረተ ነው። የቆዳቸው ውኃ የመያዝ አቅምና የእግራቸው መጠን ከሕክምናው በፊትና በኋላ ይለካል፤ በዚያው ዕለት ከሚቀዳው ደምም ቲ ሴሎቻቸው ይመረመራሉ። ቁጣው የሚበርደው እብጠቱ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ለመለየት ሁለቱም መለኪያዎች ከአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን መገኘት አለባቸው። የመጀመሪያውን ዙር ናሙና ከክረምት በፊት ጨርሰን ለመሰብሰብ አቅደናል። እርሻ ከተጀመረ ገበሬው ጫማውን ያወልቃል፤ ወደ እኛ ለመምጣትም ጊዜ አይኖረውም።