ነጭ ቀለም የተቀባው ዛፍ

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ጀበናውን ከሰሉ ላይ ጥጄ ተቀምጫለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ የዛፍ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ግንዱ ላይ ስንዝር የማትሞላ ነጭ ቀለም ተቀብታበታለች።

«ሊቆርጡት ነው እንዴ?» አልኩት። እኛ ሰፈር ቀለም የተቀባ ዛፍም ሆነ አጥር ዕድሜው አጭር ነው።

«አይ፣ መንገድ ማሳያ ነው» አለኝ። ከጆርጂያ ተነስቶ 14 ግዛቶችን እያቋረጠ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የአፓላቺያ የእግር መንገድ ላይ ነኝ ማለቱ ነው። አደራ፣ ያንን ሁሉ የሄደ እንዳይመስላችሁ! በተራራው ሸንተረር ላይ 169 ኪሎ ሜትር የሚጠማዘዝ፣ ስካይላይን ድራይቭ የሚሉት አስፋልት አለ፤ በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳበትም። ልጁ ሸለቆውን እያየ ቀስ ብሎ ነድቶ፣ ዳር ይዞ አቆመና ጥቂት እርምጃ ወደ ጫካው ገባ። የእግር መንገዱ አስፋልቱን ደጋግሞ ስለሚያቋርጠው ከመኪና ወርዶ ለመግባት ቀላል ነው። ነጩን ቀለም ተከትሎ መሄድ ነው፤ ሁለት ነጭ ምልክት አንዱ ከሌላው በላይ ሆኖ ከታየ መታጠፊያ ደርሷልና ልብ ይሏል። እኔም እንደ ታላቅነቴ «እንዳትጠፋ!» ብዬ መከርኩት።

ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ወደ አያታችን ቤት ሄደ። በአጋሮ መስመር በአውቶቡስ እንሄዳለን፤ አያቴ ነጠላዋን ስታስተካክል ረዳቱ ሳይጠየቅ «ወራጅ አለ!» ይላል። ከመኪናው መንገድ ዳር፣ በቡናው መሐል የምትገባ አንዲት ቀጭን መንገድ ነበረች፤ ዝናብ ከጣለ ጫማችንን አውልቀን በእጃችን እንይዛለን። የምንወርደው ዋርካው ጋ ነው። ዋርካው ግን ከድልድዩ ወዲህ ነበር ወይስ ወዲያ?

ወንድሜን ብጠይቀው «ወዲያ» አለ። እኔ ወዲህ ይመስለኛል። ተከራከርን፤ የእሱ ተራራ ተረሳ። በመጨረሻ አክስቴ ጋ ደወልኩ።

«የምን ዋርካ? ሾላ ነው እንጂ! ድልድይስ የት አለና ነው? አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?»

ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን አጥፍቶታል። 45 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነች የጅማና የአጋሮ መንገድ ላይ ድልድይ የሠራሁ መሐንዲስ ነኝ ሰው እንዳይጠፋ የምመክረው። ግን ወንድሜም ድልድዩን ያስታውሰዋል እኮ። ሁለታችንም ያየነው የቱን ድልድይ ነው?