በቀይ የተሰረዙ ስሞች

እሑድ ማታ፣ ሀዋሳ።

መብራት ጠፍቶ በሻማ ሣጥን ስጎረጉር የድሮው የሥልጠና መዝገብ እጄ ገባ። ጋርመንት ውስጥ የመስመር ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ያሠለጠንኳቸው ልጆች ስም የተጻፈበት ነው። ፋብሪካውን ጥላ የሄደችውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛት ነበር። አንዳንዱ ገጽ ላይ ያልተሰረዘ ስም መፈለግ ያስቸግራል።

ስሰርዝ እንዴት እናደድ እንደነበር! ኮሌታ መግጠም ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱ ጫፎች እኩል ሹል ሆነው እስኪወጡ ድረስ አንዲት ልጅ ብዙ ጨርቅ ታበላሻለች። እጇ ሲፍታታ ደግሞ ደመወዟ ለቤት ኪራይና ለምግብ አልበቃ ይላትና ትሄዳለች። እኛ ኃላፊዎቹ ሻይ ይዘን «ውለታ ቢስ» እያልን እናማቸዋለን። ደመወዙን ያነሳ ሰው ግን አላስታውስም።

መዝገቡን ዛሬ በሌላ ዓይን ያየሁት ሰሞኑን ስለ ባንግላዴሹ ኑሩል ቃዲር ካን ሳነብ ስለ ከረምኩ ነው። ካን ከልብስ ስፌት ጋር የማይተዋወቅ የመንግሥት ባለሥልጣን ነበር። በዚያን ጊዜ ደቡብ ኮሪያ ለሀብታም አገሮች የምትሸጠው ልብስ በኮታ ተገድቦባት ነበር፤ ባንግላዴሽ ግን ኮታ የሚጣልበት ምርት እንኳ አልነበራትም። ዴው የተባለው የኮሪያ ኩባንያ ኮታ ያልነካው አገር ፈለገ፣ ካን ደግሞ ሙያ ፈለገ፤ ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1979 ካን 130 ሰዎችን ለሥልጠና ኮሪያ፣ ቡሳን ላከ። በማግስቱ ዓመት ድርጅቱ ዴሽ ጋርመንትስ ቺታጎንግ ላይ ሸሚዝ መስፋት ጀመረ።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ የባንኩ ነገር ነው። ጨርቁ ከውጭ ይመጣል፣ አገሪቱ ዶላር የላትም። ስለዚህ ሸሚዙን የሚገዛው ደንበኛ የከፈተው ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ «እከፍላለሁ» ብሎ የሚሰጠው የዋስትና ደብዳቤ) ለጨርቁ ኤልሲ ማስያዣ እንዲሆን ተደረገ፤ ጨርቁም ቀረጥ ሳይከፈልበት በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን ይቀመጣል። ዚፕ ሳይደርስ ቀርቶ ሠላሳ ማሽን ሥራ ፈትቶ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እስከ 1987 ድረስ ግን ከ130ዎቹ 115ቱ ካንን ትተውት ሄደዋል። ገሚሶቹ የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ፣ ገሚሶቹ ለሌላ ጋርመንት ሠሩ። ዛሬ ያቺ አገር በዓመት ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ልብስ ለውጭ ትሸጣለች። (እ.ኤ.አ. በ2013 ጋርመንቶች የነበሩበት የራና ፕላዛ ሕንፃ እዚያው ባንግላዴሽ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው መሞቱን ስለማልረሳ፣ ለማጨብጨብ እጄ ይከብደኛል።)

እና እኔ የሰረዝኳቸው የት ሄዱ? ያቺኛዋ ዓረብ አገር፣ ይህችኛዋ ወደ እናቷ ቤት፣ የቀሩት የት እንደገቡ አላውቅም። ለቀው የሚሄዱበት ሌላ ጋርመንት ብዙም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 መባቻ አጎዋ፣ ማለትም ልብሳችንን ያለ ቀረጥ ለአሜሪካ የመሸጥ ዕድል፣ ሲቋረጥ ደግሞ ልሂድ ያላሉትም ተሰናበቱ።

ከተሰረዙት አንዷን ባለፈው ሐሙስ አግኝቻታለሁ። አራት ማሽን ተክላ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ገና ስገባ አንዲት ትንሽ ልጅ ክር በጥርሷ ልትቆርጥ ስትል «መቀስ የለም ወይ?» ብላ ጮኸችባት። ድምፁ የእኔ ነበር።

ቡና አፍልታ ስንቀመጥ ምሬቷን አወጣችው። «እትዬ፣ ከዜሮ ያስተማርኳት ልጅ ጥላኝ ሄደች። ኮሌታውን እኮ ልክ እንደ እርስዎ ነበር የምትገጥመው!»

«ወዴት ሄደች?»

«ከመንገዱ ማዶ። የራሷን ማሽን ገዛች።»

የቺታጎንጉን ሰው ታሪክ ልነግራት ከጀልኩና ፊቷን አይቼ ተውኩት። ሁለተኛውን ቡና ቀዳችልኝ።