በአንድ መስኮትና በአንድ ሜትር አቡጀዲ ፖርትሬት ማንሳት

ቤት ውስጥ የተነሳ ፎቶ ሲበላሽ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው ሳይሆን የጣሪያው አምፖል ነው። ከአናት በላይ ስለሆነ ዓይንን ያጨልማል፣ የአፍንጫን ጥላ ከንፈር ላይ ይጥላል፣ ግንባርን ያብለጨልጫል። ቀለሙም ከመስኮቱ ብርሃን ጋር አይስማማም፤ አንዱ ጉንጭ ሰማያዊ፣ ሌላው ብርቱካንማ ይሆናል። ዋይት ባላንስ (የካሜራው የቀለም ማስተካከያ) አንዱን ሲያርም ሌላውን ስለሚያበላሽ አያድናችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ያለውን አጥፉ።

ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበትን መስኮት ምረጡ፤ ከገባ ነጭ አቡጀዲ ወይም ነጠላ ወጥሩበት። ተነሺውን ከመስኮቱ አንድ ሜትር፣ ከኋላው ካለው ግድግዳ ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል አርቁት። ግድግዳው ላይ ጥላ አይወድቅም፣ ጀርባውም ይደበዝዛል። ብርሃኑ ከጎንና ከዓይን ትንሽ ከፍ ብሎ መምጣት አለበት፤ መስኮቱ ዝቅ ያለ ከሆነ በርጩማ ላይ አስቀምጡት። ከመስኮቱ የራቀው ዓይን ውስጥ የብርሃን ነጥብ ካልታየ ፊቱን ቀስ እያለ ወደ መስኮቱ ያዙር፣ ነጥቡ ሲታይ ይቁም።

በጨለመው በኩል የቲቪ ማሸጊያ ነጭ ፎም ከፊቱ ግማሽ ሜትር ላይ አቁሙ። ስታቀርቡት ጥላው ይሳሳል፣ ስታርቁት ይጠነክራል። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ ቅርብ ከሆነ ግን ቀለሙን አገጭ ላይ ያመጣዋልና በነጭ አንሶላ ሸፍኑት።

ለመነሻ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 2.8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ በሴኮንድ) 1/125 ሞክሩ።

ጠይም ፊትና ነጭ የሀበሻ ቀሚስ አብረው ሲመጡ ነው ችግሩ። ካሜራ በአውቶማቲክ ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል፤ ቀሚሱ ፍሬሙን ከሞላው ፊትን ያጠቁራል፣ ጠይም ፊት ብቻ ከሞላው ደግሞ ቆዳውን አመድ እስኪመስል ያነጣዋል። በስፖት ሜትሪንግ (አንዲት ትንሽ ቦታን ብቻ በሚለካው) ጉንጭ ላይ ለክታችሁ፣ እንደ ቆዳው ጥቁረት ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ቀንሱ፤ አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ማሳነስ ነው። በስልክ ከሆነ ፊቱን ጫን ብላችሁ ያዙና ብሩህነቱን ዝቅ አድርጉ። ቀሚሱ አሁንም ከነጣ ትከሻን ከመስኮቱ መልሳችሁ ፊትን ብቻ ወደ ብርሃኑ አዙሩ፤ ጥለቱ ያኔ ይታያል። ጠቆር ያለ ቆዳን ቅርጽ የሚሰጠው ብዛት ያለው መብራት ሳይሆን ጉንጭ ላይ የሚያርፈው ሰፊ ነጸብራቅ ነው። ትንሽ ፍላሽ የተፈነጠረ ነጭ ነጥብ ብቻ ይተዋል፤ የፊት ዱቄት ደርቦ ይህን ለመደበቅ መሞከር ፊትን ያደርቀዋል እንጂ ብርሃኑን አያሰፋውም።

ሲመሽ አንድ ባለ 15 ዋት ኤልኢዲ አምፖልና አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አቡጀዲ ይበቃሉ። ጨርቁን በእንጨት ፍሬም ወጥሩ፣ አምፖሉን ከኋላው ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር አርቁ። ጀማሪ ብርሃኑ እንዳይቀንስበት አምፖሉን ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋል፤ ያኔ የሚበራው የሳህን ያህል ቦታ ብቻ ስለሆነ ጨርቁ የተወጠረው በከንቱ ነው። ተነሺው ከጨርቁ ከአንድ ሜትር አይራቅ። የሚሞቅ ሃሎጅን ከሆነ ጨርቅ አጠገብ አታድርጉት።

ብርሃኑ አነስተኛ ነው፦ ኤፍ 1.8፣ ሹተር 1/50፣ አይኤስኦ 1600 ወይም ከዚያ በላይ። ሹተሩን ለማፍጠን አትቸኩሉ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ዙር) ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በየዙሩ ሁለቴ፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በ1/250 ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ፣ በ1/50 ወይም በ1/100 ይጠፋሉ። ተነሺው ወንበር ላይ ተደግፎ፣ ካሜራውም ትሪፖድ ወይም የተደራረበ መጽሐፍ ላይ ይሁን።

መነጽር ካለ መብራቱን ከፍ አድርጉና የመነጽሩን እጀታ ከጆሮ ላይ ትንሽ አንሱት፤ ነጸብራቁ ወደ ታች ይወርዳል።